እረኛ ምን አለ?
በዘፈን ስለ ተጠራው የቋራና የመተማ ቆላ

በቀድሞ ዘመን በአገራችን መኳንንት ዘንድ የተለመደ አንድ የብልኅ ጥያቄ ነበር። መኰንኑ ማለዳ ከመኝታው ተነሥቶ አሽከሩን ሲጠራ፣ ስለ ግብሩና ስለ ሙግቱ ከመጠየቁ በፊት፣ «እረኛ ምን አለ?» ይል ነበር ይባላል። እረኛው ከብቱን እየነዳ በሜዳ የሚያዜመውን ግጥም ማንም አላዘዘውም፤ ደመወዝም አይቀበልበትም፤ ስለዚህ በአደባባይ የማይነገረው የሕዝብ ልብ በእረኛው አፍ ይወጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ድርቅ ሊመጣ ሲል፣ ሹም ሲበድል፣ ጦርነት ሲሸት፣ ወሬው አስቀድሞ በእረኛ ዜማ ይሰማል። መኰንኑም ይህን መጠየቁ እረኛውን አስይዞ ሊያስገርፍ አልነበረም፤ ራሱን መርምሮ አካሄዱን ሊያቀና ነበር። ቢያንስ ብልኅ የነበረው እንዲህ ያደርግ ነበር።

ዛሬ ከተማው ሰፍቶ፣ መንገዱ ረዝሞ፣ የእረኛው ድምፅ እስከ ሹሙ ደጃፍ የማይደርስ ቢመስልም፣ ሥራው አልቀረም፤ ወደ ዘፋኙና ወደ ግጥም ደራሲው ተዛውሯል። በሸክላና በክር፣ ኋላም በሲዲና በስልክ እየተባዛ የሚሰማው ዘፈን፣ አንድ መኰንን በአንድ ማለዳ ሊሰማው ከሚችለው ይልቅ እጅግ የበዛ የሕዝብ ነገር ይዞ ይዞራል። ከእነዚህም ዘፈኖች አብዛኛው ለጨዋታ የተሠራ ስለ ሆነ ከጨዋታው ጋራ ያልፋል። ጥቂቱ ግን አገርን በስሟ ጠርቶ፣ ታሪክን አንሥቶ፣ የሚሰማውን ሁሉ ዕዳ ያገባዋል። ዘፋኝ አንድን አገር ካመሰገነ፣ የተመሰገነው አገር ሰው እንዴት እንደሚኖር መጠየቅ የማን ተግባር ነው? ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ ሚያዝያ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. የወጣው «ኢትዮጵያ» የተባለው የአቶ ቴዎድሮስ ካሣሁን አልበም ነው፤ በእርሱ ውስጥ የቋራው ተወላጅ ዐፄ ቴዎድሮስ ተነሥተዋልና።

ሕዝብ ቴዲ አፍሮ ብሎ የሚጠራቸው አቶ ቴዎድሮስ ካሣሁን በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው አቶ ካሣሁን ገርማሞ በዘፈን ግጥም ደራሲነት የታወቁ ነበሩ። ልጅየውም ግጥሙንና ዜማውን ራሳቸው እየደረሱ የሚያዜሙ ሆኑ። የሥራዎቻቸውን ስም የመረመረ ሰው የቤተ ክህነትን ሽታ አያጣበትም፤ የመጀመሪያ አልበማቸው «አቡጊዳ» ተባለ፤ ይህም እያንዳንዱ የቆሎ ተማሪ በልጅነቱ በጣቱ እየጠቆመ የቆጠረው የፊደል ስም ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው ደግሞ «ያስተሰርያል» የሚለውን የሥርየትና የንስሐ ቃል ይዞ ወጣ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው «ጥቁር ሰው» ዐፄ ምኒልክንና የዐድዋን ድል አነሣ። ከእነዚህ በኋላ «ኢትዮጵያ» ሲወጣ፣ ቢልቦርድ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በዓለም ልዩ ልዩ ሕዝቦች ሙዚቃ መደብ የመጀመሪያውን ተራ ሰጠው። በአገር ውስጥም ከሱቅ እስከ አውቶቡስ፣ ከሠርግ ቤት እስከ ገበያ፣ ያልተሰማበት ስፍራ አልነበረም።

በአልበሙ ውስጥ ስለ አገር አንድነትና ስለ ፍቅር የተዜሙት ብዙ ናቸው። ከእነርሱም አንዱ «ማር እስከ ጧፍ» የተባለው፣ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» መሠረት አድርጎ የተዜመ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ነገር የሁለት ወጣቶች ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ቅኔ የተማረ የድኻ ልጅና የባላባት ልጅ በዘርና በማዕርግ አጥር ተለያይተው እንዴት እንደ ጠፉ የሚናገር፣ በጉዱ ካሣም አፍ ያን አጥር የሚነቅፍ መጽሐፍ ነው። እንግዲህ ዘፋኙ መጽሐፉን መምረጣቸው ደስታን ከተግሣጽ ጋራ ለማቅረብ የታሰበ መሆኑን ያሳያል።

ነገር ግን በዚያ ወራት ሹሞች ለዚህ አልበም ያደረጉት አቀባበል «እረኛ ምን አለ?» ከሚለው የአበው ጥያቄ የራቀ ሆነ። ነሐሴ 28 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሒልተን ሆቴል ሊደረግ የታሰበው የምረቃ በዓል፣ ፈቃድ አልተወሰደበትም ተብሎ በፖሊስ ተከለከለ። ለአዲሱ ዓመት ዋዜማ የታሰበውም ጨዋታ ቀረ። ለቴሌቪዥን የተቀዳው ቃለ መጠይቅም ሳይተላለፍ ቀረ። ዘፋኙ በጥር ወር 2010 ዓ.ም. በባሕር ዳር ስታዲየም መድረክ ባገኙ ጊዜ ግን እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰበሰበ።

ከዚህ ሁሉ ክልከላ የተገኘው ጥቅም ምንድር ነው? ዘፈኑ አስቀድሞ በየሰዉ እጅ ስለ ነበር፣ አዳራሹን መዝጋት ዜማውን አላስቀረውም። የቀረው ነገር ቢኖር ሹሞች ከሕዝብ መካከል ተቀምጠው የሚሰሙበትና የሚመልሱበት ዕድል ብቻ ነው። የዘፈን ቃል ስሕተት ቢኖርበት፣ በጋዜጣ ይተቻል፤ በታሪክ መጽሐፍ ይታረማል፤ በሌላ ዘፈንም መልስ ይሰጠዋል። ሳይሰሙ የከለከሉት ቃል ግን ከሚገባው በላይ ክብር ያገኛል፤ እውነት የሌለበት እንኳ እውነት እንዳለበት ይገመታል።

ይህን ሲሰሙ ከካህናት ወገን አንዳንዶች፣ «ዘፈን የሥጋ ነገር ነውና፣ ከቤተ ክህነት ጋራ ምን አለው?» ይሉ ይሆናል። የዚህ አሳብ ምክንያቱ ይታወቃል፤ ሰውን ወደ ስካርና ወደ ዝሙት የሚስብ ዘፈን መኖሩንም የሚክድ የለም። ሆኖም ግእዝ የተማረ ሰው «አዝማሪ» የሚለው ስም «ዘመረ» ከሚለው ግስ መውጣቱን፣ ስለዚህም ከመዝሙርና ከመዘምር ጋራ የአንድ ሥር ቅርንጫፍ መሆኑን አይስተውም። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የነበሩት አለቃ ዘነብ የጥበብ ነገር በጻፉ ጊዜ፣ መጽሐፋቸውን «መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ» ብለው ሰየሙት፤ ሥጋዊውንና መንፈሳዊውን ጨዋታ በአንድ መጽሐፍ ማኖራቸው ሊቅነታቸውን አላጐደለባቸውም። ነቢዩ ናታንም ዳዊትን በገሠጸ ጊዜ፣ የድኻውን ሰውና የአንዲቱን በግ ነገር በምሳሌ አድርጎ አቀረበ እንጂ በቀጥታ አልተናገረም፤ ንጉሡም በራሱ ላይ ሳያውቀው ፈረደ። የመልካም ግጥም ሥራ ይህ ነው። ሰሚው ለሌላው የተነገረ መስሎት ሲሰማ ቆይቶ በፍጻሜው ራሱን ያገኘዋል። በሰምና በወርቅ የሠለጠነ የቅኔ መምህር ለዚህ ነገር እንግዳ ሊሆን አይችልም።

የዘፈንን ኃይል ከወዳጅ ይልቅ ጠላት ጠንቅቆ ያወቀበት ጊዜም ነበር። በ1929 ዓ.ም. በየካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ ቦምብ ከተጣለበት በኋላ፣ የፋሺስቱ እንደራሴ ግራዚያኒ ጠንቋዮችንና ትንቢት ተናጋሪዎችን፣ ከእነርሱም ጋራ ከመንደር ወደ መንደር የሚዞሩትን አዝማሪዎች እየያዙ እንዲገድሉ ትእዛዝ ሰጠ። አዝማሪው ከመሰንቆው በቀር መሣሪያ አልነበረውም፤ ነገር ግን ነጻነትን በግጥም እያስታወሰ ሕዝቡን እንዳይገዛ አደረገ ተብሎ ደሙ ፈሰሰ። በሕዝቡ ፈቃድ የማይቀመጥ ገዢ ዘፈንን ቢፈራ ምክንያት አለው። ከሕዝቡ የተወለደ ሹም ግን ይህን ፍርሃት ሊወርሰው አይገባም። ጥላሁን ገሠሠ «ዋይ ዋይ ሲሉ» ብሎ ስለ ረሃብተኛው ባዜመ ጊዜ ሰሚው ሁሉ አለቀሰ፤ ብዙው ሰው የወገኑን ረሃብ በልቡ ያወቀው በዚያ ዜማ ነበርና።

አሁን ወደ ቋራ እንመለስ። በአልበሙ ውስጥ በስማቸው የተዜመላቸው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የልጅነት ስማቸው ካሣ ኃይሉ ነበረ፤ የዘፋኙም ስም ቴዎድሮስ፣ የአባታቸውም ካሣሁን መሆኑ ነገሩን የበለጠ የሚያቀራርብ ነው። ንጉሡ በቋራ ተወልደው፣ በገዳም ፊደል ቆጥረው፣ በቆላው በረሃ ሽፍትነትን ተምረው አደጉ። በ1840 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ቆላ ዘልቀው ደባርቂ በተባለው ስፍራ ከግብፅ ጦር ጋራ በተጋጠሙ ጊዜ፣ በመድፍና በሥርዐት በተሰለፈ ሠራዊት ድል ሆኑ። ያ ቀን ከልባቸው አልጠፋም፤ ከነገሡ በኋላ በጋፋት የውጭ አገር ጠቢባንን ሰብስበው መድፍ ያሠሩት፣ «ሴባስቶፖል» የተባለውንም ታላቅ መድፍ ወደ መቅደላ በገደል ያስጐተቱት፣ በቆላው የቀመሱት ሽንፈት ትምህርት ሆኗቸው ነው ማለት ይቻላል። በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ነገሡ፤ የተከፋፈለውን አገር ለመሰብሰብ፣ የባሪያ ንግድን ለመከልከል፣ ወታደር በደመወዝ እንዲያድር ለማድረግ ደከሙ፤ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የእንግሊዝ ጦር ሲገባባቸው ራሳቸውን ሠዉ።

እርሳቸውን ያነሡት አቶ ቴዎድሮስ ካሣሁን የመጀመሪያው አይደሉም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» ብለው፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ብለው በልብ ወለድ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በተውኔት አንሥተዋቸዋል። አንድ ንጉሥ በየትውልዱ ደራሲ ሲነሣ፣ እያንዳንዱ ትውልድ የሚጐድለውን ነገር በእርሱ ውስጥ እንደሚፈልግ ይታወቃል። አንዱ ሥልጣኔን ፈለገ፣ አንዱ ፍትሕን፣ አንዱ አንድነትን።

እዚህ ላይ ግን እውነት ሊነገር ይገባል። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ጀግንነት የሚዜመው ሁሉ የታሪካቸው እኩሌታ ነው። ንጉሡ በቤተ ክርስቲያን ርስት ምክንያት ከካህናት ጋራ ተጣሉ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፈው አቃጠሉ፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ዕቃቸውንና መጻሕፍታቸውን አጡ። በጎንደር የሚኖር ሊቅ ይህን ከአያቱ ሰምቷል። ስለዚህ የንጉሡ ስም በዘፈን ሲከብር ዝም ብሎ የሚሰማ ካህን ቢኖር፣ የረሳ ሳይሆን የታገሠ ነው። ዘፈን ዜና መዋዕል ስላይደለ ሁሉን እንዲይዝ አይጠበቅበትም፤ ሆኖም አንድነትን የሚያዜም ሰው አንድነት በእሳት ሲፈለግ ምን እንደሚያመጣ ቢጨምርበት፣ ዘፈኑ አይደክምም፤ እንዲያውም ይጠነክራል። የጐደለውን ደግሞ ታሪክ አዋቂዎችና ካህናት ጽፈው ሊሞሉት ይገባል እንጂ፣ ጐደለ ብሎ መቈጣት ብቻ ምንም አይጠቅምም።

ታሪኩ ይህን ያህል ከተባለ፣ የሚቀረውና የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው፤ በዘፈን የተጠራው አገር ዛሬ እንዴት ይኖራል? ቋራና መተማ ከምዕራብ አርማጭሆ ጋራ በምዕራብ ጎንደር ዞን ውስጥ ናቸው፤ የዞኑ ከተማ ገንዳ ውኃ ነው። የመተማ ዮሐንስ ከተማ ከሱዳኑ ገላባት ጋራ ፊት ለፊት ትታያለች። ስሟም የሌላ ንጉሥ ሞት መታሰቢያ ነው፤ ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ካቃጠሉ በኋላ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. በዚያ ተዋግተው፣ ድሉ ለእርሳቸው በቀረበበት ሰዓት በጥይት ቈስለው ሞቱ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። እንግዲህ ይህ ቆላ አንዱን ንጉሥ ወልዶ ሌላውን ንጉሥ የተቀበለ ምድር ነው። ሁለቱም ንጉሦች በቤተ መንግሥት ቅጥር ሳይሆን በወሰን ላይ የአገርን ዋጋ አወቁ።

ምድሩ ግን ከስሙ ሌላ ሀብት አለው። በመተማና በቋራ ጥቁር አፈር ላይ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይመረታል፤ ሰሊጡም ወደ ውጭ አገር ተሽጦ የውጭ ገንዘብ ያመጣል። በቋራ በኩል የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ከሱዳኑ ዲንደር ጋራ ተያይዞ ይገኛል። ይህን ሰሊጥ የሚያርመውና የሚያጭደው በአብዛኛው ከደጋ የሚወርድ መሬት የሌለው ወጣት ነው። ሰሊጥ ጊዜው ከደረሰ ፍሬው ከቅርፊቱ እየፈነዳ ይረግፋልና ባለቤቱ ይቸኩላል፤ ሠራተኛውም ሌሊትና ቀን ሳይል ያጭዳል፤ ማታም ብዙ ጊዜ በሜዳ ወይም በግራር ሥር ያድራል። የካላዛርን በሽታ የምታስተላልፈው ታናሽ ዝንብ ደግሞ የምትኖረው በዚያው በጥቁሩ አፈር ስንጥቅና በዚያው በግራር ሥር ነው። ካላዛር ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድል፣ ስፕሊንን የሚያሳብጥ፣ ሰውነትን የሚያመነምን በሽታ ነው፤ ወባም ከእርሱ ጋራ አለ። የደጋው ልጅ ለእነዚህ በሽታዎች ሰውነቱ ያልለመደ ስለ ሆነ ቶሎ ይወድቃል። ምንም ያልታመመውም ቢሆን፣ በደላላ ቃል ተታልሎ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ በረሃ የሚሄድ ብዙ ነው።

ይህ ወጣት በሥራው መካከል በስልኩ ስለ ቋራው ጀግና የተዜመውን ይሰማል። ምናልባት ልቡ ይሞቃል። ነገር ግን ዐጎበርና የሚያድርበት ዳስ፣ ንጹሕ ውኃና በጊዜው የሚከፈል ደመወዝ ከሌለው፣ ያ ዘፈን ለእርሱ የራሱን አገር የሌላ ሰው አገር አድርጎ የሚያሳየው መስታወት ይሆንበታል። ነቢዩ አሞጽ ለእስራኤል የተናገረው ይህንኑ ነው፤ እግዚአብሔር የዝማሬያቸውን ጩኸትና የበገናቸውን ድምፅ ከፊቱ እንዲያርቁ ነገራቸው፤ ይልቅስ ፍርድ እንደ ውኃ፣ ጽድቅም እንደማይደርቅ ፈሳሽ እንዲወርድ ጠየቃቸው። ዝማሬው ክፉ ስለ ሆነ አልተጠላም፤ ፍርድ ሳይኖር ብቻውን ስለ መጣ ተጠላ። ስለ መንፈሳዊው መዝሙር እንዲህ ከተባለ፣ ስለ አገር የሚዜመው ሥጋዊ ዘፈንማ እንዴት አይጠየቅም?

የአንድነት ዘፈን የሚፈተንበት ሌላም ነገር በዚሁ ቆላ ደርሷል። በ2011 ዓ.ም. በመተማና በአካባቢው በአማራና በቅማንት ወገኖች መካከል ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ፤ ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። በአንድ ገበያ የሚገበያዩ፣ በአንድ ቋንቋ የሚያለቅሱ፣ በአንድ መሰንቆ የሚጨፍሩ ሰዎች ነበሩ። «ኢትዮጵያ» የተባለው አልበም ከወጣ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር፤ በሁለቱም ወገን ቤት ተሰምቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዘፈን ከንቱ ነው የሚል አይደለም፤ በዘፈን የተዘራው ፍቅር በፍርድ ቤት፣ በርስት ክፍፍል፣ በአስተዳደር ካልተጠበቀ፣ በአንድ ሌሊት ወሬ ይነቀላል የሚል ነው። ከዚያ ወዲህም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተነሣው የጦር መሣሪያ ግጭት የቆላውን መንገድና ገበያ አስጨንቋል።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ብዙ ሺሕ ስደተኞች በመተማ በር ገቡ፤ ኩመርና አውላላ በተባሉት ስፍራዎችም መጠለያ ተሠራላቸው፤ በዚያም በጸጥታ ጉድለት መከራ አግኝቷቸዋል። ከእነርሱ መካከል አረጋውያኑ የኢትዮጵያን ዘፈን በልጅነታቸው የሰሙ ናቸው። የሱዳንና የኢትዮጵያ ዜማ በአምስት ድምፅ የተሠራ ስለ ሆነ፣ የመሐመድ ዋርዲና የሰይድ ኸሊፋ ዘፈን በአዲስ አበባ፣ የኢትዮጵያ ዘፋኞችም ዘፈን በካርቱም እንደ አገር ልጅ ሥራ ሲሰማ ኖሯል። አንድ ጊዜ በሰይፍ የተገናኙበት የመተማ ሜዳ፣ ዛሬ ስደተኛ የሚቀበል ደጅ ሆኗል። ለዚህ ነገር ገና የሚበቃ ዘፈን አልተዜመለትም፤ እንግዳን ስለ ተቀበለች የድንበር ከተማ ቢዜም ግን፣ ስለ ጀግንነት ከተዜመው የሚያንስ አይሆንም።

እንግዲህ ምን ሊደረግ ይገባል? ለሹሞች የሚነገረው ይህ ነው። ዘፋኝ ሲነቅፍ አዳራሽ መዝጋት ቀርቶ፣ «ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ይመለስ። ሹም ሁሉ የተዘፈነለትን አውራጃ በዘፈን ከማወቅ ዐልፎ፣ በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ወርዶ ሠራተኛው የት እንደሚያድር በዐይኑ ይይ። የቀን ሠራተኛ ስሙ ሳይመዘገብ እንዳይቀጠር፣ ደመወዙ እንዳይቈረጥበት፣ በሚያድርበት ስፍራ ዐጎበርና ውኃ እንዲኖረው፣ ትኵሳት የያዘው ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰድ ማድረግ ታላቅ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ታላቅ ሐሳብ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ለወሰን ዘብ መቆም ብቻውን ወሰንን አይጠብቅም፤ በወሰኑ ላይ የሚኖር ሰው አገሩ እንደምታስበው ሲያውቅ ግን ወሰኑን ራሱ ይጠብቃል።

ካህናትም ድርሻ አላቸው። የሠራተኛውን ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፍሉ በኦሪት ዘዳግም የታዘዘውን ትእዛዝ ለሰሊጥ ባለርስቱ በግልጥ ሊሰብኩለት ይገባል፤ ይህ ስብከት ለጾም ሰሞን የሚቀር አይደለም፤ የሚያስፈልገው በጥቅምትና በኅዳር ነው። በወገንና በወገን መካከል ደም ሲፈስም፣ የሽምግልናውን ወንበር ለሌላ ትተው ዳር ሊቆሙ አይገባም። ዘፋኙ ስለ ፍቅር ሲያዜም ከቆመበት መድረክ ይልቅ፣ ቄሱ የቆመበት ዐውደ ምሕረት ለሰው ልብ የቀረበ ነውና።

ለዘፋኞችም የሚነገር አለ። ስለ ቋራ የሚያዜም ሰው ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት በነበረው ንጉሥ ብቻ እንዳይወሰን፣ ጸጥታ በተገኘ ጊዜ ወደ ገንዳ ውኃና ወደ መተማ ይውረድ፤ በቆላው የሚኖሩትን የጉሙዝንና የቅማንትን፣ የአማራውንም ገበሬ፣ ከደጋ የወረደውንም የቀን ሠራተኛ ዜማ ይስማ። የሚሰማው ነገር ከመጽሐፍ የሚገኝ አይደለም። አንድ ዘፈን ስለ ታመመ አጫጅ ቢዜም፣ ምናልባት ስለ ሴባስቶፖል ከተዜመው ሁሉ ይልቅ ሹሙን ያስነሣው ይሆናል።

አቶ ቴዎድሮስ ካሣሁን «ኢትዮጵያ» ባሉት አልበም ለአገራቸው ትልቅ ነገር አድርገዋል፤ የተረሳውን ስም አስጠርተዋል፤ ሕዝብንም አንድ ላይ አዘምረዋል። የዘፋኝ ሥራ እስከዚህ ድረስ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ዕዳ የሰሚው ነው። የቀድሞ መኰንን «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ የሚጨምረው ሌላ ቃል ነበረው፤ «ታዲያ ምን እናድርግ?» ይል ነበር። የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠይቆ ሁለተኛውን የረሳ ሹም፣ ዘፈን ወዳድ ይባል እንደ ሆነ እንጂ አገር ወዳድ ሊባል አይችልም። በመተማ ሜዳ ዘንድሮም ሰሊጥ ይታጨዳል፤ ከአጫጆቹም መካከል አንዱ እያዜመ ያጭዳል። የሚለውን የሚሰማ፣ ሰምቶም የሚነሣ ሹም እግዚአብሔር ለአገራችን አያሳጣት።